ከምን ጋር ሲነጻጸር? ስለ ፍላሽ ካሽ ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቷል። እኔም ዘንድ በተለያዩ ሰዎች በኩል ደጋግሞ ደርሷል፤ ሁሉም የላኩልኝ «እውነት ነው ወይ?» ከሚል ጥያቄ ጋር ነው። ጽሑፉ የዘገየ ላፕቶፕን ለማፍጠን ከሁሉ የሚሻለው መላ ፍላሽ ሜሞሪን በካሽነት መጨመር ነው ይላል። ላፕቶፕ መጠገን ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋልና ነገሩ ከልብ ያሳስበኛል። ይህን ምክር ሰምቶ ያለውን ጥቂት ገንዘብ ያለቦታው ያዋለ ሰው፣ ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ቀርፋፋ ማሽን ታቅፎ ሲመለስ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ለማያውቀው አንባቢ አንድ ነገር ላስቀድም። ካሽ ማለት ከዘገምተኛ ማከማቻ ደጋግመን የምናነበውን መረጃ ቅጂ ፈጠን ባለ ማከማቻ ላይ አስቀምጦ፣ ሲፈለግ ከዚያ መስጠት ነው። ዋናው መረጃ ሃርድ ዲስኩ ላይ ይኖራል፤ ቅጂው ፍላሹ ላይ ይቀመጣል። ፍላሹ በዩኤስቢ የሚሰካው ተራ ፍላሽ ሊሆን ይችላል፤ በላፕቶፑ ሆድ ውስጥ የሚገጠም ትንሽ ካርድም ሊሆን ይችላል።

የጽሑፉን ሐሳብ ሳላዛባ ላቅርበው። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ ላፕቶፕን የሚያዘገየው ሃርድ ዲስክ ነው፤ ፍላሽ ደግሞ ከሃርድ ዲስክ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። 8 ጊጋባይት ፍላሽ በሬዲቡስት (የተሰካን ፍላሽ ካሽ በሚያደርገው የዊንዶውስ አሠራር) የሰካ ሰው 8 ጊጋባይት ራም (ፕሮሰሰሩ በቀጥታ የሚሠራበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ) የጨመረ ያህል ይጠቀማል። ራሳቸው ሞክረው አንድ ከባድ ፕሮግራም ፍላሽ ከተሰካ በኋላ እጅግ ፈጥኖ ሲከፈት አይተዋል። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ ሲጌትና አፕል ሁሉም ሠርተውታልና የተፈተነ ቴክኖሎጂ ነው። ኤስኤስዲ (በፍላሽ ብቻ የተሠራ ዲስክ) ገዝቶ ዲስክ መቀየር አላስፈላጊ ድካም ነው፤ ካሽ የጥቅሙን 90 ከመቶ ይሰጣል። በመጨረሻም ካሽ ቅጂ ብቻ ስለሚይዝ ምንም አደጋ የለውም፤ እንዲያውም ባትሪ ይቆጥባል።

በመጀመሪያው ነጥብ አብዛኛው ክፍል ላይ ከጸሐፊው ጋር አልጋጭም። ሃርድ ዲስክ በእርግጥ ዘገምተኛ ነው። በላፕቶፕ ውስጥ የተለመደው ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ አንድ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል ማለት ነው። የተፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ጭንቅላት ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዙሩን ግማሽ፣ 5.6 ሚሊ ሰከንድ ያህል እንጠብቃለን። ክንዱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪሄድ ደግሞ 12 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይጨመራል። በድምሩ ወደ 17.5 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። እዚህም እዚያም የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን የሚያነብ ዲስክ በሰከንድ 57 ያህል ጥያቄ ብቻ ይመልሳል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ 4 ኪሎባይት ከሆነ በሰከንድ የሚያቀብለው 230 ኪሎባይት አይሞላም። ፍላሽ ግን የሚዞር አካልም የሚንቀሳቀስ ክንድም ስለሌለው ለአንድ ጥያቄ ከ0.1 ሚሊ ሰከንድ ብዙም አይርቅም።

ጽሑፉ ያላነሳው ግን አለ። ተከታታይ የሆነ ትልቅ ፋይል ሲነበብ ያው ዲስክ በሰከንድ ወደ 100 ሜጋባይት ሊሰጥ ይችላል። በዩኤስቢ 2.0 የተሰካ ፍላሽ መስመሩ ራሱ ስለሚጠበው በተግባር ከ30 ወይም ከ35 ሜጋባይት አያልፍም። ስለዚህ ፊልም ሲታይ ወይም ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ፍላሹ ከዲስኩ የባሰ ነው። ይህን ማይክሮሶፍትም ያውቀዋል፤ ሬዲቡስት ትልልቅ ተከታታይ ንባቦችን ለዲስኩ ትቶ የተበታተኑትን ብቻ ከፍላሽ የሚያቀርበው ለዚህ ነው። «በብዙ እጥፍ ይፈጥናል» የሚለው አባባል ለአንድ ዓይነት ሥራ እውነት ሆኖ ለሌላው ሐሰት ነው፤ ጽሑፉም ይህን መለየት ነበረበት።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም ፍላሽ ራምን ይተካል የሚለው፣ ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ነው፤ ሰዎችን በቀጥታ ወደ ተሳሳተ ግዢ የሚመራ ነውና። ራም ለፕሮሰሰሩ የሚመልሰው በ100 ናኖ ሰከንድ አካባቢ ነው። ፍላሽ 100 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ነው። ከፍጥነቱም በላይ የአሠራራቸው ልዩነት ይበልጣል። ፕሮሰሰሩ ራም ውስጥ ያለችን አንዲት ባይት በቀጥታ አንስቶ ይሠራባታል። ፍላሽ ላይ ያለን መረጃ ግን መጀመሪያ ወደ ራም ሳያመጣ ምንም ሊያደርገው አይችልም። ራሙ የሞላበት ላፕቶፕ ፍላሽ ቢሰካለትም ራሙ እንደሞላ ነው።

ታዲያ በዚያ ጊዜ ምን ይሆናል? ዊንዶውስ ራም ሲጠበው ለጊዜው የማይፈለገውን ወደ ዲስክ ያወርዳል፤ ሲፈለግ መልሶ ያነሳዋል። ሬዲቡስት መልሶ በማንሳቱ በኩል ይረዳል፤ ቅጂውን ከፍላሽ ያቀርባልና። ወደ ታች ሲወርድ ግን እያንዳንዱ ጽሕፈት ዲስኩም ላይ መድረስ አለበት። የመንገዱ አንዱ አቅጣጫ ቀለለ፣ ሌላው እንዳለ ቀረ። ራም ቢጨመር ኖሮ ምልልሱ ራሱ ባልኖረ ነበር። በ1 ጊጋባይት ራም ላይ ዊንዶውስ ቪስታን ለሚጭን ሰው እ.ኤ.አ. በ2007 ይህ ግማሽ መፍትሔ ትርጉም ነበረው፤ ለዚህ ለጸሐፊው ዕውቅና እሰጣለሁ። ያንን የዘመን ጥገና ዛሬ ከራም ጋር እኩል አድርጎ ማቅረብ ግን ውኃ የማይቋጥር ክርክር ነው።

ወደ ሙከራቸው ልምጣ። ጸሐፊው ያደረጉትን በሐቀኝነት ጽፈውታል፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ፤ ስህተቱን ለማግኘት ያስቻለኝ ይኸው ሐቀኝነታቸው ነው። መጀመሪያ ፍላሽ ሳይሰኩ ፕሮግራሙን ከፈቱ፤ ዘገየ። ዘጉት፣ ፍላሹን ሰኩ፣ እንደገና ከፈቱ፤ ፈጠነ። ከዚህ ተነሥተው ያፈጠነው ፍላሹ ነው ብለው ደመደሙ።

ይህን ሙከራ ማንም ሰው ምንም ሳይሰካ ሊደግመው ይችላል። እኔም ደግሜዋለሁ። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ፤ ከባድ ፕሮግራም ከፈትኩ፤ ዘጋሁ፤ ወዲያው ደግሜ ከፈትኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በብዙ ፈጠነ፤ ፍላሽ የሚባል ነገር በአጠገቡ አልነበረም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ አንድ ጊዜ ከዲስክ ያነበቡትን ፋይል ባዶ በሆነው ራም ውስጥ ያቆዩታል። ሁለተኛው አከፋፈት ከዲስክም ከፍላሽም አልተነበበም፤ ከራም ነው የተነሳው። ጸሐፊው የለኩት ማንም ሳይጠይቀው በየቀኑ የሚያገለግላቸውን ራማቸውን ነው፤ ምስጋናው ግን ለፍላሹ ሄደ።

ትክክለኛው ልኬት በየሙከራው መካከል ማሽኑን አጥፍቶ ማብራትን ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ ሌላ ነገር ያጋልጣል። ሬዲቡስት ፍላሹ ላይ የሚያኖረውን ሁሉ በኤኢኤስ ስልት ያመሰጥረዋል፤ ፍላሹ ቢሰረቅ ይዘቱ እንዳይነበብ ነው፤ ጥሩ ጥንቃቄ ነው። የምስጢሩ ቁልፍ ግን ማሽኑ በተነሳ ቁጥር አዲስ ሆኖ ይወለዳል። የትናንቱ ቅጂ ዛሬ በማንም አይነበብም ማለት ነው። ካሹ በየጠዋቱ ከባዶ ይጀምራል። ጠዋት ላፕቶፕ አብርቶ ለአንድ ሰዓት ሥራ ሠርቶ የሚዘጋ ሰው፣ ካሹ ገና ሞልቶ ሳይጨርስ ነው የሚለየው።

የትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይስ? ታሪኩ የሚናገረው ጽሑፉ ከሚለው ተቃራኒውን ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላቆይባችሁ።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ተርቦ ሜሞሪ የተባለውን ካርድ አወጣ፤ 512 ሜጋባይት ወይም 1 ጊጋባይት ፍላሽ የያዘ፣ በላፕቶፕ ውስጥ የሚገጠም። ኤችፒና ሶኒ ሳይቀበሉት ቀሩ፤ ካርዱም ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ። ሲጌት እ.ኤ.አ. በ2010 ሞመንተስ ኤክስቲ የተባለውን ድብልቅ ዲስክ አቀረበ፤ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክና 4 ጊጋባይት ፍላሽ በአንድ አካል። ይህን ዲስክ በእጄ ገጥሜ አውቀዋለሁ፤ እውነቱን ለመመስከር ማሽኑ ሲነሳ ልዩነቱ በዓይን ይታይ ነበር። ፍላሹ ማሽኑ ሲጠፋ የያዘውን አይጥልምና በየቀኑ የሚደጋገመውን የማስነሻ ሥራ በደንብ ያስታውሳል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የኢንቴል ስማርት ሪስፖንስ መጣ፤ እስከ 64 ጊጋባይት የሚደርስ ኤስኤስዲን ለሃርድ ዲስክ ካሽ የሚያደርግ። እ.ኤ.አ. በ2017 በ16 እና በ32 ጊጋባይት መጠን የወጣው ኦፕቴን ሜሞሪ ተከተለ፤ እርሱማ ጭራሹን ፍላሽ አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ሜሞሪ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2022 የኦፕቴንን ሥራ እንደሚያቆም አስታወቀ።

እነዚህን ዓመታት በአንድ መስመር ደርድሮ ያየ ሰው የሚያገኘው አንድ ነገር ነው። ፍላሽ ውድና ትንሽ በነበረበት ዘመን ሁሉ ካሽ ድልድይ ነበር፤ ፍላሹ ሙሉ ዲስክ ለመሆን የሚበቃ መጠን ላይ ሲደርስ ድልድዩ አስፈላጊነቱ አበቃ። ማስረጃ ከተፈለገ ጸሐፊው ራሳቸው የጠቀሱት አፕል ይበቃል። የአፕል ፊውዥን ድራይቭ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ 128 ጊጋባይት ፍላሽን ከትልቅ ሃርድ ዲስክ ጋር ያጣመረ ነበር። የተገጠመው ግን በአይማክና በማክ ሚኒ ላይ ነው፤ ሁለቱም ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። በላፕቶፕ በኩል ያው ኩባንያ ማክቡክ ኤርን እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ፣ ሬቲና ስክሪን ያለውን ማክቡክ ፕሮንም በዚያው በ2012 ሙሉ በሙሉ በፍላሽ ብቻ አድርጎ ነበር። ደግሞም ፊውዥን ድራይቭ ካሽ አይደለም፤ መረጃውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል እንጂ ቅጂ አያኖርም። ሁለቱን ማምታታት ትንሽ ስህተት ቢመስልም መጨረሻ ላይ ለማነሳው የአደጋ ጉዳይ ብዙ ትርጉም አለው።

አሁን ወደ 90 ከመቶው። በዚህ ቁጥር ላይ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ከአሰብኩት በላይ ጸሐፊውን የሚደግፍ ሆኖ አገኘሁት፤ አልደብቀውም። ከላይ ባየነው ስሌት 100 የተበታተኑ ጥያቄዎችን ሃርድ ዲስክ ብቻውን በ1750 ሚሊ ሰከንድ ይመልሳል። ኤስኤስዲ በ10 ሚሊ ሰከንድ ይጨርሳቸዋል። ካሽ ያለው ዲስክ ከ100 ጥያቄ 90ውን ከካሹ ቢያገኝ፣ 90ው በ9 ሚሊ ሰከንድ፣ የቀሩት 10 በ175 ሚሊ ሰከንድ፣ በድምሩ በ184 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ከሃርድ ዲስኩ በዘጠኝ እጥፍ ተኩል ፈጠነ። ከተቆጠበው ጊዜ አንጻር ጸሐፊው ያሉት 90 ከመቶ ልክ ነው።

ጥያቄው ካሹ ከ100 ጥያቄ 90ውን ያገኛል ያለው ማን ነው የሚለው ነው። ከካሹ በፊት ራም እንዳለ አንርሳ። ራም ደጋግሞ የሚፈለገውን አስቀድሞ ለራሱ ይወስዳል፤ ወደ ፍላሹ የሚወርደው ራም ያላገኘው ትርፍራፊ ነው። ትርፍራፊው ደግሞ በባሕርይው እምብዛም የማይደጋገም ነው፦ ዛሬ ብቻ የተከፈተ ሰነድ፣ አዲስ የተጫነ ፕሮግራም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይ የፎቶ ክምር። ካሽ አይቶት የማያውቀውን ነገር ሊያስታውስ አይችልም። ከ100 ጥያቄ 50ውን ብቻ ቢያገኝ ድምሩ 880 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል፤ ከኤስኤስዲው በ88 እጥፍ የዘገየ። 90 ቢያገኝ እንኳ ከ184ቱ ሚሊ ሰከንድ 175ቱን የሚበሉት እነዚያ ያመለጡት አሥር ናቸው። ሰው በላፕቶፑ የሚበሳጨው በአማካዩ አይደለም፤ ድንገት ቆም ብሎ በሚያስጠብቀው ቅጽበት ነው። ካሽ እነዚያን ቅጽበቶች ያሳንሳቸዋል፤ ኤስኤስዲ ግን ከነጭራሹ ያስቀራቸዋል።

«ድካም ነው» ስለሚለው ብዙ አልልም። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስክ መቀየር ጥቂት ብሎኖች መፍታትና ያለውን ይዘት በፕሮግራም መገልበጥ ነው። ለካሽ ካርድ የሚሆን ማስገቢያ ያለው ላፕቶፕ ከሆነም በዚያው ቦታ ትንሽ ኤስኤስዲ አስገብቶ ዊንዶውስን እርሱ ላይ መጫን፣ ሃርድ ዲስኩን ለፋይል ማከማቻ መተው ይሻላል። ወጪው ተቀራራቢ ነው፤ ፕሮግራሞቹ ግን ሁልጊዜ ከፍላሽ ይነሳሉ፤ ምን ይመጣ ይሆን ብሎ የሚገምት ሶፍትዌር አያስፈልግም። ዊንዶውስ 7 ራሱ ኤስኤስዲ ባለበት ማሽን ላይ ሬዲቡስት ሲጠየቅ፣ ኮምፒውተሩ በበቂ ፈጣን ስለሆነ ተጨማሪ ጥቅም አይገኝም ብሎ ይመልሳል።

ካሽ የሚገባቸው የሉም አልልም። ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደና የማይጨመር፣ ዲስኩም ለመድረስ የሚያስቸግር አሮጌ ማሽን ያለው ሰው አለ። የመሥሪያ ቤት ንብረት የሆነ ላፕቶፕ ይዞ እንዳይከፍተው የተከለከለም አለ። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ውስጥ ሥራ የፈታ ፈጣን ፍላሽ ካለው ይሰካው፤ የሚያጣው ነገር የለም። ግዛ ግን አልለውም። ከዚያም በፊት የማሽኑን የሥራ መከታተያ ከፍቶ ይይ፦ ራሙ ሞልቶ ከሆነ ችግሩ ራም ነው፤ ራሙ ሳይሞላ ዲስኩ ያለማቋረጥ መቶ ከመቶ የተያዘ ከሆነ ችግሩ ዲስክ ነው፤ ሁለቱም ካልሆኑ አቧራ የዘጋው ማቀዝቀዣ ወይም ሲነሳ አብሮ የሚነሳ የፕሮግራም ብዛት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ፍላሽ አይደርስለትም።

የመጨረሻው ነጥብ «ምንም አደጋ የለውም» የሚለው ነው። ባትሪውን በተመለከተ ባጭሩ፦ በሬዲቡስት ጽሕፈት ሁሉ ወደ ዲስኩ ስለሚሄድ ዲስኩ እምብዛም አያርፍም፤ ቁጠባው እውን ሊሆን የሚችለው ጽሕፈትን ለጊዜው ፍላሹ ላይ ማቆየት በሚችሉ ድብልቅ ዲስኮች ላይ ነው። ሬዲቡስት ራሱ ግን በእርግጥም ለመረጃ አደገኛ አይደለም። ፍላሹ በድንገት ቢነቀል ዋናው መረጃ ዲስኩ ላይ አለ። ከጎን የወጣ ፍላሽ ተሰክቶበት በቦርሳ የሚንገላታ ላፕቶፕ የዩኤስቢ ማስገቢያው ሲላቀቅ ግን ደጋግሜ ጠግኛለሁ፤ ይህም ከጉዳት ይቆጠርልኝ።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ጸሐፊው ለሬዲቡስት የሚሠራውን ዋስትና ለሁሉም የካሽ ዓይነት አልብሰውታል፤ በዚያው አንቀጽም አንባቢው ስማርት ሪስፖንስን በማክሲማይዝድ አሠራር እንዲያበራው መክረዋል፤ ፈጣኑ እርሱ ነው በማለት። ፈጣን መሆኑ እውነት ነው። የሚፈጥነው ግን የተጻፈውን መረጃ መጀመሪያ ፍላሹ ላይ ብቻ አኑሮ ወደ ሃርድ ዲስኩ በኋላ ስለሚያወርደው ነው። በመካከል ያለው ጊዜ ላይ ፍላሹ የያዘው ቅጂ አይደለም፤ ብቸኛው መረጃ ነው። በዚያ ሰዓት ፍላሹ ቢበላሽ፣ ወይም ካሹ በሥርዓት ሳይለያይ ካርዱ ቢወጣ፣ ዲስኩ ላይ የሚቀረው ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነ፣ እርስ በርሱ የማይገናኝ ይዘት ነው። ኤንሃንስድ የሚባለው ሌላው አሠራር ሁለቱም ላይ እኩል ስለሚጽፍ ይህ ስጋት የለበትም፤ ጽሑፉ ግን እርሱን «ዘገምተኛው» ብሎ አልፎታል።

አንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን እንዲህ ባለ ማሽን ላይ አጥታ ወደ እኔ መጥታ ነበር። ካርዱን ያወጣላት ሰው ቅጂ ብቻ ነው የያዘው ብሎ ነግሯት ነበር። ከዲስኩ ላይ ያተረፍኩላት የወራት አሮጌ ረቂቅ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊውን በአክብሮት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በራምና በኤስኤስዲ ጉዳይ ባንስማማ ይቆየን፤ ጊዜ ወስደን እንከራከራለን። ያቺ ማክሲማይዝድን የምትመክረው አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ትታረም፤ ያበሩትም ሰዎች ካርዳቸውን ከመንካታቸው በፊት ካሹን በፕሮግራሙ እንዲያለያዩና ፋይሎቻቸውን ሌላ ቦታ እንዲገለብጡ ይነገራቸው።